አክስቴ የፈረመችበት ወረቀት

አክስቴ ያገለገለ ካርቦን እንዲሁ አትጥልም ነበር። የጽሕፈት መኪናዋን ከከደነች በኋላ ጥቁሩን ካርቦን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ ትመለከተዋለች። አንዲት ቃል እንኳ የምትነበብ ከሆነ በትንሿ መቀስ በአራት፣ አራቱንም እንደገና በአራት ትቆራርጠውና በውኃ በተሞላ ሣህን ውስጥ ትነክረዋለች። ውኃው እስኪጠቁር ድረስ ቆማ ትጠብቃለች። ከዚያ በኋላ ነው ጣቶቿን በሳሙና ታጥባ «እንግዲህ ሻይ እንጠጣ» የምትለው።

ሥራዋ ማስተርጐም ነበር። ከባሕር ማዶ የሚመጡ ነጋዴዎች ከአገሬው ነጋዴዎች ጋር ሲገናኙ እሷ በመካከላቸው፣ ግን ከሁለቱም ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ ትቀመጣለች። ጠረጴዛው የተዋዋዮቹ ነው፤ ለአስተርጓሚ የሚተርፈው ወንበር ብቻ ነው። ምሳ ቢቀርብ አትበላም፤ አፏ ሥራ ላይ ነውና። አንዱ «እኔ በዚህ አልስማማም» ሲል እሷም «እኔ በዚህ አልስማማም» ትላለች። ሌላው «እኔ ደስ ብሎኛል» ሲል እሷም «እኔ ደስ ብሎኛል» ትላለች። የአስተርጓሚ ደንቡ ይኸው ነው። አንድ ቀን እንደ ቀልድ አድርጋ፣ «ከጧት እስከ ማታ ‹እኔ› ስል እውላለሁ፤ አንድ ቀን ግን እኔ ሆኜ አላውቅም» አለችኝ። ሳቅሁ። ቀና ብዬ ሳያት እሷ አልሳቀችም።

በሠፈሩ «እትዬ ቁልፍ» ይሏት ነበር። ይህን ስም ያወጣላት አባቴ ነው። አባቴ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ወላጆቻቸው ቀድመው ስላረፉ ያሳደጋትም እሱ ነው። ቋንቋ የተማረችበት ትምህርት ቤት ሩቅ ስለ ነበር፣ ጧት ጧት ሥራ ከመግባቱ በፊት እጇን ይዞ ያደርሳት ነበር። እሱ «መንገዱን ሙሉ እያለቀሰች» ይላል፤ እሷ «እየዘለልኩ» ትላለች። በዚህ ነገር ተስማምተው አያውቁም።

አባቴ በጫማ ፋብሪካ የቆዳ ቆራጮች አለቃ ነበር። አንድ ሙሉ ቆዳ በጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋለት መዳፉን በላዩ ላይ አንዴ ያሳልፍና፣ ጠባሳው የት እንዳለ፣ ወዴት እንደሚለጠጥ፣ የቱ ለፊት የቱ ለጎን እንደሚሆን ይለያል። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያች ክፍል፣ በዚያው መስኮት ሥር፣ በዚያችው አጭር ቢላዋ ሠርቷል። ቢላዋዋ ከመሳል ብዛት ቀጥና ቀጥና የሕፃን ጣት አክላ ነበር።

እናቴ ካረፈች ወዲህ አክስቴ እሑድ እሑድ ለምሳ ትመጣለች። ሦስት ሰው ነን፤ አባቴ፣ እሷና እኔ። በዚያን ጊዜ ሃያ ዓመት ሞልቶኝ ከእሷ ዘንድ ጽሕፈት እማር ነበር። አባቴ ገና በር ላይ ሳለች ይጀምራታል።

«እህሳ እቴ፣ በዚህ ሳምንትስ ማን ከማን ጋር ተዋዋለ?»

«አየሩ መልካም ነበር፣ ጋሼ።»

«አየር ነው እንዴ የተዋዋለው?»

«ረቡዕ ዕለት ግን ትንሽ ነፈሰ።»

«ኧረ ተይ! ለእኔ ለወንድምሽ እንኳ? አንቺ እኮ የገዛ ጆሮሽ እንዳይሰማሽ ፈርተሽ ነው በሹክሹክታ የምታወሪው።»

«ጆሮዬማ ፈርሟል» ስትለው አባቴ እስኪያስለው ድረስ ይስቃል።

ስለ ሥራዋ የተጠየቀችውን ሁሉ በአየር ጠባይ ትመልስ ነበር። እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ፣ «ነፈሰ» ስትል ውሉ ሳይሰምር ቀርቶ ይሆን? «ጠራ» ስትል ተፈራርመው ይሆን? እያልኩ እገምት ነበር። ከንቱ ድካም ነው። ነፋሱ እውነትም ነፍሶ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ የአባቴ ፋብሪካ ባለቤቶች አክስቴን አስጠሯት። አንድ የባሕር ማዶ ኩባንያ ፋብሪካውን ሊገዛ ፈልጎ ኖሯል። ይህን በዚያን ጊዜ አባቴም እኔም አላወቅንም፤ ሁሉንም የሰማሁት ከዐሥር ዓመት በኋላ ከራሷ አፍ ነው። ለታሪኩ እንዲመች ግን በየቦታው አስገብቼ እነግራችኋለሁ።

ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት፣ በክፍሉ የሚገባ ሁሉ ምስጢር የመጠበቅ ውል እንዲፈርም ኩባንያው ጠየቀ። ውሉ የተጻፈው በእንግዶቹ ቋንቋ ነበር። ሁለቱንም ቋንቋ የምታነብ እሷ ብቻ ስለሆነች፣ የምትታሰርበትን ገመድ ራሷ ተረጐመችው። በዚያ ሳምንት ሌላ አርባ ገጽ ያህል ወረቀትም ነበረባት። በመጀመሪያ በእርሳስ ጻፈችው። ቀጥሎ በጽሕፈት መኪና ገለበጠችው። የእርሳሱን ረቂቅ ደንቡ እንደሚያዝዘው አስረከበችና ዓይኗ እያየ ተቀደደ። ከዚያ በሁለቱም ቋንቋ በተጻፉት ላይ ፈረመች። በእንግዶቹ ቋንቋ የተጻፈው፣ ከትርጉሙ አንድ ቅጂ ጋር፣ እሷ ከምትሠራበት የአስተርጓሚዎች መሥሪያ ቤት ቁም ሳጥን ገባ፤ እሷ ቤቷ ይዛው የሄደችው ራሷ የተየበችውን ሌላውን ቅጂ ነው።

ወረቀቱ የሚከለክለው ብዙ ነው። የተነገረውን፣ የተነገረበትን ቦታ፣ በክፍሉ የነበሩትንና ያልነበሩትን ሰዎች፣ ጭራሹን ንግግር መኖሩንም ለማንም፣ ለሥጋ ዘመድ ቢሆን፣ እንዳትገልጥ ይላል። መጨረሻው እንዲህ ነው፦ «የፈራሚዋ ግዴታ ውሉ ከተፈረመበት ቀን አንሥቶ ለዐሥር ዓመት ይጸናል።»

ንግግሩ የሚካሄደው እዚያው ፋብሪካው ፎቅ ላይ ነበር። አንድ ቀን አባቴ የቆዳ ናሙና በትከሻው አድርጎ ደረጃውን ሲወጣ፣ እሷ ከእንግዶቹ ጋር ስትወርድ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«እቴ!» አለ አባቴ፣ ፊቱ በርቶ።

እሷ ዓይኗን ከትከሻው በላይ ካለው ግድግዳ ላይ ተከለች። እንደማታውቀው ሰው አለፈችው። ከኋላዋ የነበረው እንግዳ እንኳ ለአባቴ በራሱ ሰላምታ ሰጥቶት ወረደ። አባቴ እሑድ ዕለት ይህን ነገር አላነሣባትም። «ሥራ ላይ ነበረች» አለኝ፣ እሷ ከሄደች በኋላ። ሣህን እያጠብኩ ሳለሁ ደግሞ መጥቶ፣ «ሥራ ላይ እኮ ነበረች» አለኝ።

በዚያው ሰሞን ለአባቴ ደብዳቤ መጣለት። የድሮ ባልደረባው በሌላ ከተማ የቆዳ ቦርሳ መሥሪያ ከፍቶ ኖሮ፣ «መጥተህ የቆራጮቼ አለቃ ሁንልኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ እሺ ወይም እምቢ በለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» ይላል። አባቴ ደብዳቤውን በደረት ኪሱ ይዞ ሳምንት ሙሉ ዞረ። ፋብሪካውን ይወደዋል፤ መስኮቱን ይወደዋል። ነገር ግን በር ላይ የሚቆመውን እንግዳ መኪና አይቷል፤ በየክፍሉ እየገባ ግድግዳ የሚለካውንም ሰውዬ አይቷል። ሠራተኛው ሁሉ ይንሾካሾካል። የሚያውቅ ሰው ካለ ደግሞ አክስቴ ናት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሁለታችን ወደ ቤቷ ሄድን። ቤቷ አንድ ክፍል ነው። አልጋ፣ የጽሕፈት መኪናው ያለበት ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ጀርባው የተላጠ መዝገበ ቃላት። እኔ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ። ሻይ ቀዳችልን። አባቴ ደብዳቤውን አውጥቶ በፊቷ ዘረጋው፤ አነበበችውና ቀስ አድርጋ ወደ እሱ መለሰችው።

«ልሂድ ወይስ ልቆይ?» አላት።

«ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ የሚያባራ አይመስልም፣ ጋሼ።»

«በሞቴ እቴ፤ ዛሬ ዝናቡን ተዪው።»

የሻይ ማንቆርቆሪያውን ክዳን አስተካከለች።

«እሺ፤ ምንም አትንገሪኝ። ቃል አይውጣሽ። ይኸውልሽ ኩባያሽ። የምሄድ ከሆነ ከቦታው አንሺው፤ የምቆይ ከሆነ እንዳለ ተዪው። ሰው ሻይ አነሣ ተብሎ አይከሰስ።»

አክስቴ ኩባያውን ተመለከተችው። እጇ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነበር። ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን ሰብስባ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርባ፣ በጭኗ ላይ አኖረቻቸው። ሻዩ መትነኑን እስኪተው ድረስ ሦስታችንም ኩባያውን እያየን ተቀመጥን።

«ገባኝ» አለ አባቴ። ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ደስ እያለው ተነሣ። መንገድ ላይ፣ «አየሽ ልጄ፣ ቆይ አለችኝ» አለኝ። በማግሥቱ ለባልደረባው አልመጣም ብሎ ጻፈለት።

እሷ ግን ቆይም ሂድም አላለችውም። እጇን የሰበሰበችው በእጇ እንድትናገር ስለተጠየቀች ነው። በአፏ የማትናገረውን በኩባያ ልትናገር አልፈለገችም፤ ከዚህ ሌላ ምንም አላሰበችም። አባቴ ግን የኩባያውን ቋንቋ ያወጣው ራሱ ነበርና ዝምታዋን የምታስቀምጥበት ቦታ አልተወላትም።

ውሉን ከፈረመች በሦስተኛው ወር የፋብሪካው ሽያጭ በራዲዮ ተነገረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ የቆራጮቹ ክፍል እንደሚዘጋ የሚገልጽ ማስታወቂያ በር ላይ ተለጠፈ። ቆዳው ከእንግዲህ ወዲያ ባሕር ማዶ በመኪና ተቆርጦ ይመጣል። አባቴ ቢላዋውን በቁራጭ ቆዳ ጠቅልሎ ቤት ገባ፤ ከጠረጴዛው ላይ አኖረና ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ለባልደረባው በቴሌግራም ጠየቀው። ቦታው ከተያዘ ቆይቷል።

«ኩባያውን አላነሣችም» አለ።

እሑድ እንደ ወትሮዋ መጣች። አባቴ በሩን ከፍቶ መካከሉ ላይ ቆመ። ግቢ አላላትም።

«ታውቂ ነበር?»

«መናገር አልችልም፣ ጋሼ።»

«የምታውቂውን አልጠየቅሁሽም። ‹አላወቅሁም› በይኝ። አንዲት ቃል ናት። ውሸትም ብትሆን ግድ የለኝም፤ በያት ብቻ።»

ከአባቴ ትከሻ ኋላ ሆኜ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ቃሉ ከጥርሷ ደርሶ ተመለሰ።

«አልችልም» አለች።

አባቴ በሩን ዘጋው። አላላጋውም። በሽተኛ በተኛበት ቤት እንደሚዘጋ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ቢያላጋው ይሻል ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ስለ ቆራጮቹ ክፍል በተነገረባቸው ሁለት ቀኖች አክስቴ ከክፍሉ አልነበረችም። እንግዶቹ ለዚያ ጉዳይ የራሳቸውን አስተርጓሚ አምጥተው እሷን ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጧት። በጆሮዋ የሰማችው ስለ አዲስ የፋብሪካ መኪናና ስለ ተጨማሪ ሥራ ብቻ ነበር። ያን ቅዳሜ አፏን ብትከፍት ኖሮ ያለ ጥርጥር «ቆይ» ትለው ነበር። ነገር ግን «አላወቅሁም» ለማለት «በክፍሉ አልነበርኩም» ማለት አለባት፤ ወረቀቱ ደግሞ ያልነበሩትንም ሰዎች አትግለጪ ይላል። ንጹሕነቷ ራሱ ከምስጢሩ አንዱ ሆኖ ተቆለፈባት።

እንዲህ ሆኖ ዐሥሩ ዓመት ተጀመረ።

እኔ በሳምንት አንድ ቀን እሄድላት ነበር። አባቴ የት እንደምሄድ ያውቃል፤ «ሰላም በያት» አይልም፤ «አትሂጂ»ም አይልም። ስመለስ ግን፣ «መንገዱ እንዴት ነው?» ይለኛል። «ደኅና ነው» እለዋለሁ። በቃ፤ ይኸው ነው። እሷም ስለ እሱ በስሙ አትጠይቀኝም። «ያ ሳል ተወው?» ትለኛለች።

ሁለተኛው ወንበር የወረቀት ማስቀመጫ ሆነ። ዳቦ ስትገዛ ግማሹን ለነገ በጨርቅ ጠቅልላ ታኖራለች፤ ለአንድ ሰው የሚሆን ዳቦ የሚጋግር የለም ትላለች። እሑድ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ሥራ ባይኖራትም የጽሕፈት መኪናውን ከፍታ ትቀመጣለች። አንድ እሑድ ሳላስበው ብቅ ብዬ ምን እንደምትጽፍ አየሁ፤ ከመዝገበ ቃላቱ ላይ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ፣ ቃላቱን በተራ እየገለበጠች ነበር። ስታየኝ ደነገጠችና «ጣቴ እንዳይተሳሰር ነው» አለች።

ወረቀቱን በዚያው መዝገበ ቃላት ውስጥ ነበር የምታኖረው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ የፈረመችበት ቀን ሲደርስ፣ አውጥታ የመጨረሻውን መስመር ታነብና ትመልሰዋለች። አንድ ጊዜ፣ «ሰባት ቀረ» ስትል ሰማኋት። የምትገለብጠው ገጽ መስሎኝ፣ «ላግዝሽ?» አልኳት። «የሚያግዙበት አይደለም» አለች።

አባቴ ከአንድ ሕንጻ ደረጃ ሥር፣ ክንድ ቢዘረጉ ሁለቱ ግድግዳዎች በሚነኩባት ጠባብ ቦታ፣ ጫማ መጠገኛ ከፈተ። ሙሉ ቆዳ የሚያነብ እጅ ተረከዝ ሲለጥፍ ማየት ደስ አይልም። እሱ ግን አላማረረም። አክስቴ ጫማዋን የምታስጠግነው ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ ሁለት አውቶቡስ ተሳፍራ ሄዳ ነበር። በስድስተኛው ዓመት ያ ጠጋኝ ሞተ። ጫማዋን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ «የሆነ ቦታ አሠሪልኝ» ብላ ሰጠችኝ። የሆነ ቦታ የት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

አባቴ ጋዜጣውን ፈታ። ጫማው በድሮ ዘመን እሱ ራሱ ቆርጦ የሰፋላት ነው። አውራ ጣቱን በስፌቱ ላይ አሳለፈና፣ «የማን ነው?» ሳይል ከመደርደሪያው ላይ አኖረው። የሌላውን ሰው ጫማ ባንድ ቀን የሚያደርስ ሰው ይኸን ሦስት ቀን ያዘው። ሶሉን ቀየረ፤ ስፌቱን አጠበቀ፤ በውስጥ በኩል፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ አዲስ ለስላሳ ቆዳ አነጠፈበት። ስመልስላት እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። እጇን ሳታወጣ ብዙ ቆየች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዐሥሩ ዓመት ሞላ።

ቀኑ የዋለው ማክሰኞ ነው። አክስቴ ደኅና ልብሷን ለብሳ፣ ያንን ጫማ አድርጋ ጠበቀችኝ። በራሷ ቁጥር ብቻ አልተማመነችም፤ ግዴታው ማብቃቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ መቀበል ፈለገች። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የቁልፍ ዘለላ በአንገቱ ያንጠለጠለ፣ ጨዋታ ወዳድ ሽማግሌ ነበር።

«የማንን ፋይል ፈልገው ነው፣ እመቤቴ?»

«የራሴን።»

«እሰይ! ሰላሳ ዓመት እዚህ ስቀመጥ የራሱን ፋይል የጠየቀ ሰው ዛሬ ማየቴ ነው። ሌላው የሚጠይቀኝ የሰው ነው። ለምን ጉዳይ?»

«ከዛሬ ጀምሮ መናገር እንደምችል የሚገልጽ ወረቀት እፈልጋለሁ።»

ሽማግሌው አየኝ፤ እሷን አየ። «አሁን ታዲያ ምን እያደረጉ ነው?» አላት።

ፈገግ አለች። ወደ ውስጥ ገብቶ ብዙ ቆየ፤ አቧራውን በክርኑ እየጠረገ ሁለት ወረቀት ይዞ ወጣ። አንዱ የእንግዶቹ ቋንቋ፣ አንዱ የእኛ። አክስቴ የእንግዶቹን ቋንቋ ቅጂ ከፈረመችበት ቀን ወዲህ አላየችውም። ጎን ለጎን አኖረቻቸውና፣ ከልማድ የተነሣ፣ እኛ ጸሐፊዎች ግልባጭ እንደምናመሳክረው ማመሳከር ጀመረች። የግራ ጣቷን በእንግዶቹ ቋንቋ መስመር፣ የቀኝ ጣቷን በእኛው መስመር አድርጋ እኩል ትወርዳለች። ወደ መጨረሻው ስትቃረብ የግራ ጣቷ አንድ መስመር ወረደ፤ ቀኙ ግን የሚሄድበት አጣ።

ወደ ላይ ተመልሳ እንደገና ወረደች። ቀኝ ጣቷ እዚያው ላይ ቆመ።

«ምን ይላል?» አልኳት።

በአስተርጓሚ ድምፅዋ፣ በዚያ የማንም ባልሆነ ድምፅ፣ አነበበችልኝ። «የፈራሚዋ ግዴታ፣ ነገሩ ያለ እሷ ጥፋት በሕዝብ ዘንድ ከታወቀ፣ ከዚያው ቀን ጀምሮ ያበቃል።» የግራ ጣቷን አንድ መስመር አወረደች። «የሚቀጥለውም የሚጀምረው ‹የፈራሚዋ ግዴታ› ብሎ ነው» አለች። «ዓይኔ ዘለለ።»

ጽሕፈት የሠራ ሰው ይህን ያውቃል። ሁለት መስመር ተከታትሎ በአንድ ቃል ሲጀምር፣ ዓይን ከረቂቁ ተነሥቶ ወደ መኪናው ሄዶ ሲመለስ ሁለተኛው ላይ ያርፋል፤ የመጀመሪያው ይዋጣል። አንቀጾቹ ቁጥር አልነበራቸውም፤ እያንዳንዱ በጭረት ይጀምር ነበርና አንዱ ቢጎድል አያስታውቅም። እኔን፣ «ሁለት መስመር በአንድ ቃል ከጀመረ ጣትሽን ከረቂቁ አታንሺ» እያለች ያስተማረችኝ እሷ ናት። ምነው ይህን ያህል ጠበቀችብኝ እል ነበር። በእርሳስ ስትተረጕመው ያን መስመር ጽፋዋለች፤ ግን ከአርባ ገጽ ጋር በዓይኗ ገብቶ በእጇ የወጣ ነው፤ በሐሳቧ አልቀረም። የቀረላት የተየበችው ነው።

ሽማግሌው በጣቱ ይቆጥር ጀመር። «በሕዝብ ዘንድ የታወቀው መቼ ነበር?»

«በራዲዮ ተነግሯል። ከፈረምኩ በሦስተኛው ወር።»

«በሦስተኛው ወር!» አለና ጨዋታው ሁሉ ጠፋበት። «ታዲያ… ታዲያ በነዚህ ሁሉ ዓመቶች ማንንም አልጠየቁም?»

«ለመጠየቅ መናገር ነበረብኝ።»

ሽማግሌው ብርጭቆ ውኃ አመጣላት። «እንግዲህ ደብዳቤውን ልጻፍልዎት?» አላት በዝቅታ።

«ምን ብለው?»

አሰበ፤ አሰበ። «እኔም አላውቅ» አለ።

አባቴ ጋ ስንደርስ ከቀትር በኋላ ነበር። እሱ ጎንበስ ብሎ ተረከዝ እየሰፋ ነው። ጥላችን እጁ ላይ ሲያርፍ፣ «ነገ ይደርሳል» አለ፣ ደንበኛ መስሎት። ቀጥሎ ያየው ጫማውን ነው። ከጫማው ወደ ላይ ቀስ እያለ ቀና አለ።

አክስቴ ሰላም አላለችውም። መንገዱን ሙሉ በአፏ ይዛ የመጣችውን ነገር እንዳይፈስባት የምትፈራ ትመስል ነበር።

«እኔ በክፍሉ አልነበርኩም፣ ጋሼ» አለች። «ሁለቱን ቀን ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ነበር። እኔ አላወቅሁም።»

መርፌው ቆመ።

«አውቃለሁ» አለ አባቴ።

«ምን አልክ?»

«አውቃለሁ፣ እቴ። የሥራ አስኪያጁ ሹፌር ነገረኝ፤ ሶል ሊያስለጥፍ መጥቶ። ‹እህትህ እኮ ስለ ቆራጮቹ በተነጋገሩ ዕለት ኮሪደር ላይ ጋዜጣ ስታነብ ነው የዋለችው› አለኝ።»

«መቼ?»

አባቴ ጫማውን ከጉልበቱ ላይ አወረደ። «በአራተኛው ዓመት» አለ።

መንገደኛ በአጠገባችን አለፈ። አንድ አውቶቡስ ቆሞ ሰው አወረደና ሄደ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ!» አለች አክስቴ።

«በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ምን ብዬ ልምጣ? ጧት ስነሣ ዛሬ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ጫማ ይመጣል። ማታ ደግሞ ነገ እላለሁ። ዓመቱ ሲያልፍ፣ ‹እስካሁን የት ነበርክ?› ብትይኝስ ብዬ ፈራሁ። አንቺስ ወረቀት ነበረሽ።» አንገቱን ደፋ። «እኔ ምንም ላይ አልፈረምኩም።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቅዳሜዎች አስታውሳለሁ። አክስቴ ወደ ጠባቧ ቦታ ትመጣና በደንበኛ መቀመጫ ላይ ትቀመጣለች። እሱ ይሰፋል፤ እሷ እጁን ታያለች። «እህሳ፣ በዚህ ሳምንትስ ማን ከማን ጋር ተዋዋለ?» ይላታል። «አየሩ መልካም ነበር፣ ጋሼ» ትለዋለች። ይስቃል፤ ግን እንደ ድሮው እስኪያስለው አይደለም። የዐሥር ዓመት ወሬ ተጠራቅሞ ይጠብቃቸዋል ብዬ ነበር፤ ምንም አልጠበቃቸውም። እሱ ያለ እሷ መዋልን ለምዷል፤ እሷም ያለ ማንም። ቀኑ ሲጨላልም እሱ ዕቃውን ይሰበስብና እስከ መንገዱ መታጠፊያ ይሸኛታል። እጇን ግን አይዝም። ከመታጠፊያው ወዲያ ብቻዋን ትሄዳለች፤ እሱም ቆሞ ያያትና ይመለሳል። ለሰባት ዓመት ያህል እንዲህ ሆኑ፤ እሷ ካረፈች በኋላ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ያችን መቀመጫ ባዶዋን ከፊቱ ያወጣት ጀመር።

ያን የመጀመሪያ ማክሰኞ ግን አባቴ ጎረቤቱ ካለው ሻይ ቤት ሦስት ሻይ አስመጣ። የእሷን ከፊት ለፊቷ፣ ከመሥሪያው ሣጥን ላይ፣ ከሚስማሩና ከማጣበቂያው መካከል አኖረው። አክስቴ ኩባያውን ተመለከተች። እጆቿ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ፣ ጭኗ ላይ ነበሩ። እኔ የእኔን ጠጥቼ ጨረስኩ።

«አንሺው እንጂ እቴ» አለ አባቴ። «ይቀዘቅዛል።»

አነሣችው። ቀዝቅዞ ነበር።